የወተት ማድረቂያው ክኒን

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ሕመሜ ስም አለው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ «የሴት ነገር ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል» ሲባል የኖረው ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። ወር በመጣ ቁጥር እሱም ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። እዚያው ይጠራቀማል፣ ያቆስላል፣ ያጣብቃል።

ሐኪሟ ዶክተር ያለምዘውድ ትባላለች፤ ስትናገር ሰው የምታባርር ትመስላለች። «ባለትዳር ነሽ?» አለችኝ። «በጥር» አልኋት። ገና ልጃገረድ ነኝና በሆዴ ላይ ብቻ በአልትራሳውንድ አየችኝ። በግራ በኩል፣ የእንቁላል ማምረቻዬ ላይ ሎሚ የሚያህል ከረጢት አለ፤ ያረጀ ደም ሞልቶታል። ቸኮሌት ሲስት ይሉታል። ሳቅሁ። ባዮሎጂ ሳስተምር ዓመታት ሆነኝ፤ ሆዴ ውስጥ ቸኮሌት እንዳለ ግን አልተማርሁም። እሷ አልሳቀችም።

«ልጅስ?» አልኋት።

«አንዳንዷ ትወልዳለች፤ አንዳንዷ ትቸገራለች። አንቺ የትኛዋ እንደምትሆኚ ዛሬ ልነግርሽ አልችልም።»

ማታ እጮኛዬ አማረ ከደብረ ወርቅ ደወለ። «እንደምን ዋልሽ ፀደንያ?» አለኝ። «ደህና» አልሁት። ደህና ማለት ውሸት አይደለም፤ ሰላምታ ነው።

ጥቅምት 9

ነገሩን ለራሴም ቢሆን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አማረ ዲያቆን ነው። አባቱ ቄስ ወልደ ገብርኤል ዓይናቸው ስለደከመ የአጥቢያው ሰው ልጃቸው ቀስሶ እንዲተካቸው ይጠብቃል። ዲያቆን ሳያገባ አይቀስስም። የሚያገባውም በተክሊል ነው፤ ሁለቱም በድንግልና ኖረው፣ አብረው ቆርበው። ከቀሰሰ በኋላ ሌላ ሚስት የለም። ብትወልድም ባትወልድም፣ ብትሞትበትም እንኳ፣ ያችው ናት። የእኛ ተክሊል ጥር 18 ነው።

እንግዲህ ሰውዬው ያለው አንድ ዕድል ነው፤ ያም ዕድል እኔ ነኝ።

ሐኪሟ «አትወልጂም» አላለችኝም። ያልተባለ ነገር ምን ተብሎ ይነገራል? ሆድ ይፍጀው።

ጥቅምት 15

መድኃኒቱ በየቀኑ የሚዋጥ የሆርሞን ክኒን ነው። ሥጋውን ያቀጭጨዋል፤ የሚመግቡትን የደም ሥሮችም ያዳክማል አለችኝ። ጥሩ። ከዚያ ጨመረች፦ «በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ጊዜው ደም ልታዪ ትችያለሽ፤ ጠብ ጠብ የሚል።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሦስት ወር። ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።»

ጥር 18 እዚያው አካባቢ ነው። ደም ያየች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ አትቆርብም። ካልቆረብሁ ደግሞ ተክሊል የለም። ሊቀ ጳጳሱ ዘንድ ለአማረ ክህነት የተያዘ ቀን አለ፤ እሱም ይቀራል።

«ከሠርጉ በኋላ ልጀምር?» አልኋት። «ከረጢቱ የሠርግ ጥሪ አልደረሰውም» አለች። ለካ ቀልድ ታውቃለች።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ኔትወርክ ተመልሷል። ሳይጠፋ ልጠቀምበት ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልሁ።

ይህ ያለ ቦታው የበቀለ ሥጋ ያለ ደም አይኖርም። ስለዚህ በተጣበቀበት ቦታ ሆኖ ኬሚካል እየላከ አጠገቡ ያሉትን የደም ሥሮች ይጠራል፤ እነሱም አዲስ ቅርንጫፍ ያወጡለታል። በሰው ማሳ ላይ ሰፍሮ ከጎረቤት ወንዝ ቦይ እንደሚጠልፍ ሰው ማለት ነው። ቦዩን ካገኘ በኋላ ማን ያስለቅቀዋል? የተመራማሪዎቹ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ከሰፋሪው ጋር ከመታገል ቦዩን መድፈን።

ቦዩን የሚደፍኑ መድኃኒቶች አሉ፤ ለካንሰር የተሠሩ ናቸው። አይጥ ላይ ሲሞከሩ ሥጋው ሟሽሿል። ችግሩ ጤነኛው አካልም አዲስ የደም ሥር ይፈልጋል፤ እንቁላል በየወሩ ሲበስል፣ ቁስል ሲሽር፣ ፅንስ ሲይዝ። ልጅ ለምትፈልግ ሴት እሱ መንገድ አይሆንም።

አንድ ሌላ ግን አገኘሁ። ልጇ ለሞተባት ወይም ማጥባት ለማትችል እናት ወተት ለማድረቅ የሚሰጥ ክኒን አለ። ይኸው ክኒን የደም ሥሮቹ ጥሪውን የሚሰሙበትን ጆሮ ይደፍናል ይላሉ። ጥቂት ሴቶች ላይ ተሞክሮ ከረጢታቸው አንሷል የሚል ጽሑፍ አነበብሁ። ጥቂት ሴቶች። ደም ያመጣል ግን አይልም። ደግሜ አነበብሁት፤ ደም ያመጣል አይልም።

ኅዳር 3

ጽሑፉን በስልኬ ይዤላት ሄድሁ። ዶክተር ያለምዘውድ ገና ርዕሱን ስታይ መለሰችልኝ። «አውቀዋለሁ። ተስፋ አለው። ተስፋ ግን መድኃኒት አይደለም። በምን ያህል መጠን፣ ለስንት ጊዜ፣ ለማን እንደሚሆን ገና አልተረጋገጠም። የሚታወቀውን ልስጥሽ።»

«የሚታወቀው ተክሊሌን ያስቀራል።»

«ተክሊልሽን የሚያስቀረው መድኃኒቱ አይመስለኝም» አለችና ቀጣዩን ታካሚ ጠራች። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። ሐኪም ሲበዛበት እንዲህ ነው፤ ንግግሩን አይጨርስም።

ኅዳር 5

ሥራነሽ ዘንድ ሄድሁ። አብረን ነው የተማርነው፤ አሁን መድኃኒት ቤት ትሠራለች። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሰጥሽም» አለች። «ለጓደኛሽ ነው» አልኋት። «ለጓደኛዬ ስለሆነ ነዋ» አለች። ነዘነዝኋት። መጨረሻ ላይ ሰጠችኝ፤ ፊቷን ግን አዙራ ነው።

ለተማሪዎቼ «ያልተረጋገጠ ነገር አትዋጡ» እያልሁ ነው የማስተምረው። ይሁን።

ኅዳር 9

ማቅለሽለሽ። ማዞር። ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ጥቁር ሰሌዳውን ይዤ ቆምሁ። ተማሪዎቹ ሥዕል ልጀምር መሰላቸው።

ኅዳር 14

ሕመሙ እንዳለ ነው። ከረጢቱ አንሶ ይሆን? ሆዴ ተነፍቷል። ጫማዬን ሳስር ጎንበስ ማለት አቃተኝ። አማረ ደወለ። «ድምፅሽ ደከመ» አለ። «ፈተና እያረምሁ ነው» አልሁት። ፈተናው እውነት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ኅዳር 19

የአማረ እናት፣ እትዬ አመተ ሥላሴ፣ ትናንት መጡ። ለሙሽራ ቀሚሴ ልክ ሊያስወስዱ ነው። ሆቴል አያውቁም፣ ዘመድም አያስቸግሩም፤ ከእኔው ክፍል አደሩ። ንጹሕ ሴት ናቸው፤ የተኙበት አልጋ ሰው የተኛበት አይመስልም።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠቅልሎ «ይቺን ትንሽ ላስፋት እንዴ?» አለ። እትዬ አመተ ሥላሴ ሆዴን አዩ። ከዚያ ሜትሩን አዩ። «አስፋት» አሉት።

ዛሬ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ስወጣ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አስመልሶኝ ነበር።

«ምን ነካሽ ልጄ?»

«ጾሙ ነው መሰል፣ እትዬ፤ ሽሮው አልተስማማኝም።»

«ሽሮ» አሉ። እኔም ፊቴን ታጥቤ ትምህርት ቤት ሄድሁ።

ኅዳር 20

ዛሬ ወደ ደብረ ወርቅ ተመለሱ። ሲሰናበቱኝ ሳሙኝ፤ ግን አንድ ጉንጬን ብቻ።

ከክኒኑ አንድ እሽግ አላገኘሁትም። የት ጥዬው ይሆን?

ታኅሣሥ 2

አማረ ካልደወለ ሰነበተ። መንገድ ዝግ ነው፤ ኔትወርክም ይሄዳል ይመጣል። ስለዚህ ነው እላለሁ። እናቴ ከይጁቤ ደውላ አግኝታኛለች እኮ። ታዲያ ኔትወርኩ ከይጁቤ ሠርቶ ከደብረ ወርቅ የማይሠራው ምን ሆኖ ነው?

ታኅሣሥ 4

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ለእኔ ያልደረሰው ወሬ ለሥራነሽ ደርሶ ኖሯል። ከደብረ ወርቅ የመጣች ደንበኛ ናት የነገረቻት። እትዬ አመተ ሥላሴ እሽጉን ጤና ጣቢያ ወስደው «ይህ የምን መድኃኒት ነው?» ሲሉ «ወተት ማድረቂያ» ተብለዋል። የጤና ጣቢያው ሰው አልዋሸም። ወተት ማድረቂያ ነው።

የዲያቆን እጮኛ ወተት ማድረቂያ ትውጣለች። አርግዛለች የሚሉ አሉ፤ ወልዳ ጥላለች የሚሉ አሉ። ቢያንስ በአንዱ ይስማሙ እንጂ።

ሥራነሽ አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም። ቤት ገብቼ ነው ያለቀስሁት። ለመደበቅ የዋጥሁት ክኒን አደባባይ አወጣኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ደብቄም መድኃኒት ፈለግሁ። ጅል ነኝ። ሌላ ቃል የለውም።

ታኅሣሥ 7

አማረ መጣ። መንገዱ ትናንት ተከፍቶ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የተሳፈረው። ትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ቤተ ሙከራው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እሽጉን ከኪሱ አውጥቶ በመካከላችን አኖረው።

«ወልደሻል ወይ?» ይለኛል ብዬ መልሴን ይዤ ነበር። አላለኝም።

«ለምንድን ነው የምትውጪው?» አለ።

ነገርሁት። ከረጢቱን፣ ሥጋውን፣ የደም ሥሮቹን። ወረቀት ላይ ሣልሁለት። ከየኔታው ፊት የተቀመጠ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ያልገባውን ጠየቀ። ልጅ ላልወልድ እንደምችልም ነገርሁት። ይህን ስናገር ወረቀቱን ነበር የማየው።

«መቼ አወቅሽ?»

«በጥቅምት።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሐኪሟ። ሥራነሽ።»

ተማሪዎች በአጠገባችን እያለፉ «ቲቸር፣ ደህና ዋሉ» ይሉኛል፤ እኔም «ደህና» እላለሁ።

«እናቴ ስትነግረኝ አላመንሁም» አለ በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ሲያወራ አላመንሁም። አሁን ግን የማምነው ጠፋኝ። ልጅ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ በእሱ አልቀየምሽም። እኔ ግን አንዴ ብቻ የማገባ ሰው ነኝ ፀደንያ። ሳላውቅሽ ልታገቢኝ ነበር።»

«ፈርቼ ነው» አልሁ።

«አውቃለሁ። የፈራሽው ግን በሽታውን አይደለም፤ እኔን ነው።»

ሚኒባስ እንዳያመልጠው ብሎ ተነሣ። እሽጉን አልወሰደውም፤ ሥዕሉን ግን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ልጠይቀውም ድፍረት አልነበረኝም።

ታኅሣሥ 8

ለዶክተር ያለምዘውድ ሁሉንም ተናገርሁ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ የደም ግፊቴን ለካች። በጣም ወርዷል። «መጥተሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ቢያንስ ይህን እለካልሽ ነበር» አለች። የወተት ማድረቂያውን አስቆመችኝ። ከረጢቱ አላነሰም፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። ሌሎቹ ሴቶች ላይ ሠርቶ ይሆናል። እኔ ላይ እንዳልሠራ ግን አሁን አውቃለሁ፤ ቢሠራስ በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ምን ሊታይ ነበር? የሆርሞኑን ክኒን ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አኖርሁት። አልገዛሁትም።

ታኅሣሥ 11

ምንም።

ታኅሣሥ 12

ምንም። ለእናቴ «ድንኳን አትከራዩ» ልላት ስልክ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት።

ታኅሣሥ 13

አማረ ደወለ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ትክክለኛውን መድኃኒት ጀምረሻል?»

«አልጀመርሁም። ጥር 18…»

«ጥር 18 ሲደርስ ይደርሳል። ዛሬ ጀምሪ። ለአባቴ ነግሬዋለሁ፤ የሳልሽውንም አሳይቼዋለሁ። ዓይኑ አላየውም፤ ግን ገብቶታል።»

«እናትህስ?»

«ይሁን ብላለች። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ደም ካየሽ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ። የፈለገው ሰዓት ይሁን።»

«እሺ» አልሁት። ስልኩን ከዘጋ በኋላም እሺ እያልሁ ነበር። ወዲያው ሄጄ ገዛሁትና ጀመርሁ።

ታኅሣሥ 30

ገናን ይጁቤ ዋልሁ፤ ለእናቴም ሁሉን ነገርኋት። ሕመሙ ቀለል ብሎኛል። ደም አለ፤ ይቆማል፤ ይመለሳል። በመጣ ቁጥር ለአማረ እነግረዋለሁ፤ እሱም «እሺ» ይላል። እንዲህ ያለ ወሬ ከእጮኛዬ ጋር አወራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ቀድሞ ስለ አየሩ ነበር የምናወራው።

ጥር 12

ከጥምቀት ዋዜማ ጀምሮ ደረቅ ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ጥር 17፣ ደብረ ወርቅ

ከእናቴና ከዘመዶቼ ጋር ገባን፤ ሥራነሽም አለች። ከአማረ ቤት በታች አንድ ቤት አሰናድተውልናል። እስካሁን ደህና። የምነሣው በሌሊት ነው። ልተኛ።

ጥር 19

ትናንት የሆነውን ልጻፍ።

ሌሊት አሥር ሰዓት ገደማ ለመልበስ ተነሣሁ። አየሁት። ብዙ አይደለም። እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ እሷም አየች።

በሩን ዘጋችው። «ዝም በይ» አለች። «ይህ የወር አበባ አይደለም፤ የክኒኑ ነው። ሐኪሟ ራሷ ነግራሽ የለም? ማን ያይሻል? ውጭ ስንት ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ?»

ትክክል ናት፤ ማንም አያየኝም። ክርክሩንም ከእሷ ይልቅ እኔ አሳምሬ ልከራከር እችላለሁ፤ ሙያዬ ነው። ጥቂት ሰዓታት ዝም ብል ተክሊሉ ያልቃል፣ አማረ ይቀስሳል፣ አባቱም ያርፋሉ። ነጭ ቀሚሱ ወንበር ላይ ነበር። ወገቡ ላይ ሰፍቶኛል።

እናቴ «እባክሽ ልጄ» እያለች ስልኩን አነሣሁ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው። ከበስተኋላው የማኅሌቱ ድምፅ ይሰማል።

«አማረ፣ ደም አየሁ።»

ከበሮው ይመታል።

«እሺ» አለ። «ለአባቴ እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ ተቀመጪ፤ አትቁሚ።» ከዚያ ደግሞ «ደግ አደረግሽ» አለኝ። ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር፤ ይሁን እንጂ ደግ አደረግሽ አለኝ።

ሲነጋ ቄስ ወልደ ገብርኤል ድንኳኑ መካከል ቆሙ። ሥራነሽ እንደነገረችኝ እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ወገኖቼ፣ ተክሊሉ ለየካቲት 9 ተላልፏል። ወጡ ግን እስከ የካቲት አይቆይም፤ ብሉ።» ሰው መጀመሪያ ተያየ፤ ከዚያ በላ። ለምን እንደተላለፈ ሳይነገረው ሁሉም አወቀ። ክህነቱም ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። አማረ የሙሽራ ልብሱን አውልቆ እንግዳ ሲያስተናግድ ዋለ።

እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ በራሴ ሠርግ ላይ የሚጮኸውን ድምፅ ማጉያ እሰማለሁ። ቀትር ላይ እትዬ አመተ ሥላሴ ምግብ ይዘው ገቡ። እናቴን «አንቺ ውጪና እንግዳሽን አጫውቺ» አሏት። ከጎኔ ተቀመጡ።

«ክኒኑን ሰርቄሻለሁ» አሉ። «ስምሽንም አጥፍቻለሁ። አልክድም።»

«እኔም ደብቄዎታለሁ፣ እትዬ» አልሁ።

«አማረ ያንን ወረቀት ሲያሳየን፣ ወር በመጣ ቁጥር ያደማታል፣ ያጣብቃታል ሲል…» አቆሙ። ጣታቸውን ከእምብርታቸው በታች አኖሩ። «የእኔ እዚህ ላይ ነው። እዚህ ይጀምርና ወደ ወገቤ ይዞራል። ከልጅነቴ ጀምሮ። ቄሱ ውስጥ ሲቀድሱ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ሆዴን አስደግፌ እቀመጥ ነበር። ጸበሉን ተጠመቅሁ፤ ይሻለኝና ወሩ ሲመጣ ይመለሳል። ከአማረ በኋላ ልጅ እንቢ አለ። አንድ ልጅ ብቻ ያላትን የቄስ ሚስት ሰው ምን እንደሚላት ታውቂያለሽ? እኔ ወሬ ምን እንደሚያደርግ እያወቅሁ ነው ያንቺን ያወራሁት።»

«አሁንም አለ?»

«ትናንትናም ነበር።»

«ለአማረ አልነገሩትም?»

«ለወንድ ልጅ ይነገራል?» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለካ ይነገራል» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ምግቡን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ብዪ፤ ክኒን ባዶ ሆድ አይወድም» አሉኝ። አብረን በላን። ስንጨርስ «ያቺ ሐኪም» አሉ፣ «አሮጊትም ታያለች?» «እርስዎ አሮጊት አይደሉም» አልኋቸው። አርባ ስድስት ዓመታቸው ነው።

ጥር 23፣ ደብረ ማርቆስ

አማረ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘን። የት እንደምንሄድ እናቱ ራሳቸው ነገሩት፤ ወደ እኔ እያዩ፣ እየተንተባተቡ። ዘንቢላቸውን ተቀብሎ ጫነላቸው፤ ከዚያ መስኮቱን ይዞ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ቆመ።

መጠበቂያው ክፍል ሞልቶ ነበር። እትዬ አመተ ሥላሴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ስበው ተቀመጡ። እጃቸው እጄን ይዟል። ነርሷ በሩን ከፍታ ሁለታችንንም አየችና «ከእናንተ ታካሚዋ ማናት?» አለች።

ሁለታችንም ተነሣን።